የመጀመሪያው ኬላ

የቀጠሮው መልእክት እንደ ወትሮው አጭር ነበር፤ «አማርኛ። ዩሮሎጂ። አንድ ሰዓት።» እንግሊዝ አገር በሆስፒታል አስተርጓሚነት ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ዩሮሎጂ፣ ማለትም የሽንት አካላት ሕክምና፣ ሲባል የሚገጥመኝ ወይ ፕሮስቴት ነው ወይ የኩላሊት ጠጠር። በሁለቱም አፌ ስለተፈታ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አስተረጉማለሁ። ስለዚህ ባቡር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኬን እየጎረጎርኩ ሄጄ፣ አንዲት ቃል ሳላዘጋጅ ገባሁ።

ሕመምተኛውን ጋሼ እላቸዋለሁ። 67 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ አሰብ ከባድ መኪና ሲያመላልሱ የኖሩ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የሚያሳውቃቸውንም ነገር ሆን ብዬ ለውጫለሁ። ጻፈው ያሉኝ ግን ራሳቸው ናቸው። «ስሜን እንዳታነሳ እንጂ ሌላውን እንደሆነ ጻፈው፤ እኔ ያፈርኩት ይበቃል» ነው ያሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ቀዶ ሐኪሟ አለች፣ አንዲት ነርስ አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው፣ ሶፍቱ ከጠረጴዛው ዳር ወደ መሐል ተገፍቶ ሲያይ የሚነገረው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይነግሩት ያውቃል። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ጋሼ ሳብ አድርጋ፣ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች፣ ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ውጤት መድረሱን ተናገረች። ቀጠለችና በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር በሽታውንም ቦታውንም ጠራችው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ዝም።

«የወንዴ ብልት» ይላል የትምህርት ቤት ባዮሎጂ። ከክፍል ውጭ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። «ኀፍረተ ሥጋ» የቤተ ክህነት ነው፤ ገና ከስሙ በሐፍረት ይጀምራል። «ብልት» ብቻውንስ? ዶሮም 12 ብልት አላት። የሰፈር ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አባቴ ሊሆኑ በሚችሉ ሰው ፊት፣ ያውም ሁለት ሴቶች ባሉበት፣ ከአፌ አይወጣም። ሴቶቹ አማርኛ አለማወቃቸው ምንም አላገዘኝም። እፍረት ቋንቋ አይመርጥም።

በመጨረሻ «ጋሼ፣ ያ… ወንድነትዎ ላይ የወጣው ቁስል ነቀርሳ ነው ይላሉ» አልኩ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ እንዲያውም እፎይታ አየሁ። «እሺ። ክኒኑ ስንት ወር ነው የሚዋጠው?» አሉ። ሐኪሟ ጥያቄውን ስተረጉምላት ግራ ተጋባች። ጋሼ ቀጠሉ፤ «ወንድሜም ነበረበት፤ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል።»

ያኔ ገባኝ። ወንድማቸውን የያዘው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ። ቋንቋችን ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። እኔ «ካንሰር» የሚለው ቃል ይከብዳቸዋል ብዬ ያለሰለስኩ መስሎኝ ሌላ በሽታ ሰጥቻቸዋለሁ። የአስተርጓሚ ሕግ እንዲህ ሲሆን ሳትውል ሳታድር አርም ይላል። ለሐኪሟ «ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኳትና ወደ ጋሼ ዞሬ በሁለት ቃል ነገርኳቸው፤ የብልት ካንሰር። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ጨካኝ ነው፤ ተስፋ ሰጥቼ መልሼ የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።

ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ሲናገሩም የመለሱት ማንም ላላነሳው ክስ ነበር። «እኔ እኮ በስምንተኛ ቀኔ የተገረዝኩ ሰው ነኝ። ሴት ላይም የቀበጥኩ ሰው አይደለሁም።»

ይህን ስተረጉም ሐኪሟ እጇን ጉልበታቸው አጠገብ አሳረፈችና፣ ይህ በሽታ የማንም ቅጣት እንዳልሆነ፣ አባላዘርም እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ያመኗት አልመሰለኝም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ሙያዬ ሐኪምነት አይደለም፤ ግን የማላውቀውን ነገር ማስተርጎም ከዚያ ቀን በኋላ አስፈራኝ። የብልት ካንሰር በዓለም ላይ በ2020 የያዘው ሰው 36 ሺህ ገደማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ብሪታንያ ውስጥ በዓመት 700 ገደማ ሰው ይያዛል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ። አንድ የሰፈር ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ሰው ቢያጋጥመው ነው። ከመቶ 95 ያህሉ ከቆዳው የላይኛ ሽፋን የሚነሣ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ በሴቶች ላይ የማኅፀን በር ካንሰር ከሚያመጣው ከኤችፒቪ ቫይረስ ጋር ይያያዛል። ሌላው መንስኤ ብዙውን ጊዜ ሸለፈት ነው። ሸለፈቱ ጠቦ ወደ ኋላ አልመለስ ያለ ወንድ ላይ እድፍና መቆጣት ለዓመታት ይከማቻል። ሲጋራም አለበት። በሕፃንነት መገረዝ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ጋሼ የገቡት በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ነው። ለ30 ዓመት አጭሰዋል፤ ሹፌር አይደሉ።

ከእኛ ብዙም የማይርቀው ዑጋንዳ ሄደን ብናይ ታሪኩ ሌላ ነው። ዑጋንዳዊው ቀዶ ሐኪም ሰባስቲያን ክያልዋዚ፣ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል የታከሙ 153 የዚህ በሽታ ሕሙማንን መርምረው በ1966 ጽፈዋል። በዚያ ዘመን እዚያ አገር ከወንዶች ዋና ዋና ካንሰሮች አንዱ ነበር። እኛ ዘንድ ከ10 ወንድ 9ኙ የተገረዘ ነው። ይህን ሳነብ የራሴ ዝምታ ትንሽ ተፈታልኝ። ቃል ያጣሁት በእፍረት ብቻ አይደለም፤ በሽታውን ስለማናየው ስም አላወጣንለትም። ሲመጣ የሚመጣው ስም የለሽ ሆኖ ነው።

ስም የለሽ መሆኑ ደግሞ ጋሼን ስምንት ወር አስከፍሏቸዋል።

መጀመሪያ የታያቸው ምስር የምታህል ቀይ ነገር ናት። አታምም። ቅባት ቀቡባት፤ አገር ቤት ለመሄድ ቀርበው ስለነበር ጠበል ያጠፋታል አሉ። ተጠመቁ፤ ተመለሱ። ምስሯ ባቄላ አህላ መቁሰል ጀመረች። እዚህ እንግሊዝኛ የሚናገርላቸው እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው ናት፤ ሐኪም ቤት ይዛቸው የምትሄደውም እሷ። ለሴት ልጁ ይህን የሚናገር የኛ አገር አባት ካለ አሳዩኝ። «ሽንት ያቃጥለኛል በያቸው» አሏት፤ አለችላቸው። ሽንት ተመረመረ፤ መድኃኒት ታዘዘ። ከወር በኋላ እንደገና «አሁንም ያቃጥለኛል»፤ ሌላ መድኃኒት። ሐኪሙ ሱሪ ያውልቁ አላለም፤ የተነገረው ቃጠሎ ነዋ። ልጅቷ የሰማችውን በትክክል ተርጉማለች። ማንንም መውቀስ ከባድ ነው፤ በመካከል ስምንት ወር አለፈ እንጂ። በመጨረሻ አንድ ቀን ብቻቸውን ሄደው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ሐኪሙ ፊት ቀበቷቸውን ፈቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እኔ የተጠራሁበት ሆስፒታል ደረሱ።

(መቼም ይህን የሚያነብ ወንድም ይኖራል፦ ብልት ላይ ወጥቶ በሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ እብጠት ወይም የቀላ ቆዳ ሐኪም ይየው። መናገር ካቃተህ እንደ ጋሼ ቀበቶህን ፍታ።)

በሁለተኛው ቀጠሮ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተራ እየጠበቅን ጋሼ አማረሩ። ከቤታቸው በሩብ ሰዓት የሚደረስበት ትልቅ ሆስፒታል አለ። እዚህ ለመምጣት ግን ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ቀዶ ሕክምናውም ክትትሉም እዚሁ። «ለዚህች ለምታህል ነገር!» አሉና ራሳቸው ሳቁ። የመጀመሪያው ሳቃቸው ነበር።

አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም። ሻይ ቤት ግን ምክር ክፍል አይደለም። «ጋሼ፣ አሰብ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ የት ነበር የሚያስጠግኑት?» አልኳቸው።

«ያገኘሁት ጎሚስታ ጋ ነዋ።»

«ሞተር ሲወርድስ?»

ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሞተር ሲወርድማ መኪናው ተጎትቶም ቢሆን የሚያውቀው ሰው ጋ ይሄዳል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ባቡሩ አላማረሩም፤ ስለ ዋጋው ካልሆነ።

እንግሊዝ አገር ይህን የወሰነው በ2002 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አገር አቀፍ የዩሮሎጂ ካንሰር መመሪያ፣ የብልት ካንሰርን የሚያክም ቡድን ቢያንስ 4 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግል፣ በዓመትም ቢያንስ 25 አዲስ ሕሙማን የሚያይ ይሁን አለ። 25 ማለት በወር ሁለት ሰው ገደማ ነው፤ ለቀዶ ሐኪም እጅ ብዙ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን በየከተማው ያለው ዩሮሎጂስት በዓመት አንድ ቢያይ ነው፤ እሱንም በሚያውቀው መንገድ ያክመዋል። የሚያውቀው መንገድ ደግሞ መቁረጥ ነበር። ካንሰሩን አልፎ 2 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ይቆረጥ የሚል የቆየ ሕግ ነበር። በዚህ አካል ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ለወንድ አንባቢ አላብራራም። ብዙ የሚያዩት ሐኪሞች ሲለኩና ሲከታተሉ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደሚበቃ ታወቀ። ጉዳዩን በተደጋጋሚ ያላየ ሰው ይህን ለመድፈር አይችልም። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየውም ባለሙያ እንዲሁ ነው። የጋሼ ናሙና እዚህ ሆስፒታል እንደገና ታይቷል፤ ከዚያም ቀዶ ሐኪሞቹ፣ የካንሰር ሐኪሙ፣ የራጅ ሐኪሙና ነርሷ አንድ ላይ ተቀምጠው መክረውበታል።

አውሮፓ በ2017 ለብርቅዬ በሽታዎች የሆስፒታሎች መረብ ሲዘረጋ ለዩሮሎጂው ዩሮጀን የሚባለውን አቋቋመ፤ እዚያ ከሕመምተኛው ይልቅ ፋይሉ ይጓዛል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ከዚህም መረብ ወጣች። ስለ ብሬክሲት ብዙ ተጽፏል፤ ይህችን ግን የጻፈ ብዙም አላየሁ።

አሁን ወደ ንፍፊቱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

ሐኪሟ የሚያሳስባት ቁስሉ ብቻ እንዳልሆነ ተናገረች፤ ብሽሽት ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎችም ናቸው። «የሊምፍ ዕጢዎች» ብዬ ተረጎምኩ። ጋሼ ዐይናቸውን አጠበቡ። «ዕጢ? ሌላም ዕጢ አለብኝ?» አይ፣ ይህ ጤነኛ ዕጢ ነው፣ ሁሉም ሰው አለው፣ ሰውነት ቆሻሻውን የሚያጣራበት፣ እያልኩ ስዘባርቅ ከርሜ በመጨረሻ የገዛ ብሽሽቴን በጣቴ ነካሁ። «እዚህ ጋ ያሉት፣ እግር ሲቆስል የሚያብጡት…»

«ንፍፊት ነው እንዴ የምትለኝ?»

ንፍፊት! ልጅ ሆኜ እንቅፋት መትቶኝ አያቴ ብሽሽቴን እየዳበሰች «ንፍፊት ወጥቶበታል» ስትል የሰማሁት ቃል። 11 ዓመት ሙሉ «የሊምፍ ዕጢ» እያልኩ ስንቱን ሰው ሳደናግር ኖሬያለሁ። የብሽሽቱ ስሙ ይኸው፤ የሚያውቁት ደግሞ ሕመምተኛው ናቸው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩትና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ካንሰር ሲሰደድ መጀመሪያ የሚደርሰው ብሽሽት ውስጥ ካለው ንፍፊት ላይ ነው። የጋሼ ብሽሽት ሲዳሰስ ግን ምንም የለውም፤ በአልትራሳውንድም ንጹሕ ነው። ችግሩ፣ በእጅ ምንም ካልተገኘባቸው ሰዎች ከ100 ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ውስጥ በዐይን የማይታይ ካንሰር ገብቷል። ታዲያ ምን ይደረግ? የሁሉንም ንፍፊት እናውጣ ካልን፣ ከ100 ሰው ከ75 እስከ 80 የሚሆነው በከንቱ ይቆረጣል፤ ያ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ቁስሉ ይመግላል፣ እግር ዕድሜ ልክ ያብጣል። እንጠብቅ፣ ሲያብጥ እናወጣለን ካልን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። አምስተርዳም ያለው የኔዘርላንድስ ካንሰር ተቋም በ2005 ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ ንፍፊታቸው ውስጥ ያለው ካንሰር ገና ሳይዳሰስ ከወጣላቸው ሰዎች ከመቶ 84ቱ ሦስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል፤ እስኪያብጥ ከተጠበቁት ግን 35ቱ ብቻ።

መውጫው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ካንሰሩ ከሄደ መጀመሪያ የሚረግጠውን አንድ ንፍፊት ፈልጎ እሱን ብቻ ማውጣት። ሐኪሟ የተጠቀመችበት ቃል በእንግሊዝኛ «ዘብ» ማለት ነው። ዘበኛ ልል ነበር። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን አሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ግን «የመጀመሪያው ኬላ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ሚሌ በለኛ!» አሉ። «ከአሰብ ተነሥቶ ሚሌን ሳይረግጥ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና የለም። ዕቃው ሚሌ ላይ ካልተገኘ ከዚያ ወዲህም የለም ነው የምትለኝ?» ለሐኪሟ ተረጎምኩላት። ሚሌ የት እንደሆነ ጠይቃ፣ ሰምታ፣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፋይሉ ላይ ሌላ ስም ቢኖረውም በእኛ መካከል ሚሌ ነው።

የኬላውን ሐሳብ ያስተዋወቀው ፓራጓያዊው ሐኪም ራሞን ካባኛስ ነው፤ በ1977 ያሳተመው ጽሑፍ ስለዚሁ ስለ ብልት ካንሰር ነበር። ፓራጓይ በሽታው ብርቅ ያልሆነበት አገር ነው። ካባኛስ ኬላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው ብሎ ነበር፤ እዚያ ላይ ተሳስቷል። የሰው ሁሉ መንገድ አንድ አይደለም፤ ኬላው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ እሱ ባለው ቦታ ፈልገው ካንሰሩን የሚስቱት በዙና ሐሳቡ ተተወ። በ1992 አሜሪካዊው ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቹ በቆዳ ካንሰር ላይ ሰማያዊ ቀለም ወግተው ቀለሙ የት እንደሚደርስ በመከተል አነሡት። ከዚያ ወደ ጡት ካንሰር ተሻገረ። በ1994 ደግሞ ሲሞን ሆረንብላስና የአምስተርዳም ቡድኑ ወደ ተወለደበት ወደ ብልት ካንሰር መለሱት።

አክስቴ ቨርጂኒያ ውስጥ ጡቷን ስትታከም ከብብቷ አንዲት ዕጢ ብቻ ወጥታ ንጹሕ ስለሆነች ሌላው ተርፎላታል። ክንዷ አላበጠም፤ እንጀራዋን ዛሬም ራሷ ትጋግራለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደውዬ ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት። «አክስቴ፣ ክንድሽ የዳነው በፓራጓይ ወንዶች…» እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

ከቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቁስሉ ዙሪያ ቴክኒሺየም የሚባል ጥቂት ጨረር ያለው ፈሳሽ ተወጋ። መርፌው ያማል፤ ጋሼ ግን እንደ ሹፌር ተራገሙ እንጂ አልጮኹም። (ርግማኑን አልተረጎምኩም፤ ነርሷ ገብቷታል።) ካሜራው ሥር ተኝተው ፈሳሹ በሁለቱም ብሽሽት አንዳንድ ቦታ ላይ ሲጠራቀም በስክሪኑ ላይ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ታየ። በማግስቱ ቀዶ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ቀለምም ይጨመራል፤ ሐኪሟ ጨረሩን በድምፅ የሚያመለክት መሣሪያ ይዛ፣ ጩኸቱ የጠነከረበትን ቦታ ቀድዳ፣ ሰማያዊ የሆነውን ንፍፊት ታወጣለች። ነርሷ ሽንታቸው ለአንድ ቀን አረንጓዴ እንደሚሆን ቀድማ ነግራቸዋለች፤ በእኔ አፍ። እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሲነቁ መጀመሪያ የደወሉት ለእኔ ነው፤ «እውነትዋን ነው እኮ!»

ቁስሉ ያለበት የብልቱ ራስ ተነሥቶ፣ ከጭናቸው በተላጠ ስስ ቆዳ ተሸፈነ። ከዚያ በፊት በነበረው ምክር ጋሼ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቆመው መሽናት ይችሉ እንደሆነ። ይችላሉ ተባሉ። ሌላውን ያነሣችው ነርሷ ናት፤ ከባለቤታቸው ጋር ስለሚኖራቸው ነገር። ጆሮዬ እየጋለ ተረጎምኩ። ጋሼ መስኮቱን እያዩ «ለሷም ንገሪልኝ በላት» አሉ። ነርሷ በሌላ ቀን ባለቤታቸውን ለብቻቸው፣ በሴት አስተርጓሚ፣ አነጋገረች።

በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ነበርኩ፤ ከመጋረጃው ወዲህ። የተተከለው ቆዳ እንዳይንቀሳቀስ ፋሻው ዙሪያውን በክር ተሰፍቷል። ነርሷ ጨው ባለው ውኃ እያራሰች አንድ በአንድ ትቆርጠዋለች። መቀሱ ሲያጮህ እሰማለሁ፤ ጋሼ በለሆሳስ ድርሳን ይደግማሉ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ «ይዟል» አለች፤ ቆዳው ከታች ያለውን ሥጋ ይዟል ማለቷ ነው። ተረጎምኩላቸው።

መጋረጃው ውስጥ ዝም ተባለ። ከዚያ «ጸድቋል በለኛ!» አሉ። እንደ ችግኝ።

ይህን ለነርሷ መተርጎም አልቻልኩም። በእኛ ቋንቋ የተተከለ ነገር ሥር ሲይዝም፣ ሰው ገነት ሲገባም ያው ቃል መሆኑን በአንድ ትንፋሽ እንዴት ልበላት?

ውጤቱ በሦስት ሳምንት መጣ። ግራው ሚሌ ንጹሕ ነው። ቀኙ ላይ ግን ዕቃ ተገኘ፤ 1 ሚሊ ሜትር የማትሞላ። ስለዚህ የቀኝ ብሽሽታቸው ንፍፊት በሙሉ ወጣ። ይህኛው ከበደ። ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ ለሳምንታት ተሸክመዋል፤ ቁስሉ አንድ ጊዜ መግሎ እንደገና ተኝተዋል። የቀኝ እግራቸው ማታ ማታ ያብጣል፤ ጠባብ ካልሲ ያደርጋሉ። «የቤንዚን እግሬን ነው የወሰዱት» ይላሉ። ከወጡት ንፍፊቶች ሌላ ካንሰር ያለበት አልተገኘም። እስኪያብጥ ቢጠበቅ ምን እንደሚሆን ሐኪሟን አልጠየቋትም፤ 84ቱንና 35ቱን ግን በልባቸው ይዘዋል፤ አንዳንዴ እንደ ታርጋ ቁጥር ይጠሯቸዋል።

በማኅበር «ቡአ ተቀደድኩ» ብለው ነው የተናገሩት። አልፈርድባቸውም። ማኅበሩ ውስጥ ደርዘን ወንዶች ልጅ ያላቸው አባቶች አሉ፤ እንግሊዝ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የኤችፒቪን ክትባት ለ12 እና ለ13 ዓመት ወንዶች ልጆችም በትምህርት ቤት ትሰጣለች። የፈቃድ ወረቀቱ ሲመጣ «ይህ የሴት ነው» ብሎ የመለሰ አባት አውቃለሁ። አገር ቤት በ2018 መጨረሻ የተጀመረው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ስለሆነ ወሬው በዚያው ተይዟል። በቡአ ስም ይህን ማስረዳት አይቻልም። እኔም በማኅበሩ የለሁበትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ክትትል በየሦስት ወሩ ነው። በአራተኛው ቀጠሮ ስደርስ ጋሼ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። መቼ እንደነገሯት አልጠየቅሁም። አንድ ተማሪ ሐኪም ገባና፣ ሐኪሟ እስክትመጣ ድረስ የሆነውን በራሳቸው አንደበት ይነግሩት እንደሆነ ጠየቀ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ብልቴ ላይ ካንሰር ወጥቶብኝ፣ ራሱ ተቆርጦ በጭኔ ቆዳ ተሸፍኖ፣ የቀኝ ንፍፊቴም ወጥቶልኛል በዪው።»

ልጅቷ አንገቷን አልደፋችም። አንድ በአንድ፣ ቃሉን በቃሉ ነገረችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ «ንፍፊት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ያን ቀን ያስተረጎምኩት እሱን አንድ ቃል ነው፤ የተከፈለኝ ግን የሙሉ ሰዓት ነው።